ስድስት ደቂቃ ሳይሮጡ

በእኛ ቤት «ቀስ በል» ምክር አይደለም፤ የእህቴ ልጅ ሁለተኛ ስም ነው። የመጀመሪያው ስሙ ለትምህርት ቤትና ለካርድ ክፍል ብቻ ያገለግላል። ሰፈሩ ማሙሽ ይለዋል። እናቱ ግን ከአልጋ ሲወርድም፣ ደረጃ ሲወጣም፣ ኳስ ሲያይም፣ ሳቅ ሲበዛበትም «ቀስ በል!» ነው የምትለው። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፤ አብዛኛውንም ዓመት እንደ እንቁላል ተይዞ ነው ያደገው።

እርግጥ ምክንያት አላት። ማሙሽ ሲወለድ ልቡ አራት እክል ይዞ ነው የመጣው። በሁለቱ የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለ። ከልብ ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ጠቧል። ትልቁ የደም ቧንቧ ቦታውን ስቶ ከቀዳዳው በላይ ተቀምጧል። የቀኙ የልብ ጡንቻ ደግሞ በዚያ ጠባብ መንገድ ደም ሲገፋ እየዋለ፣ ሲገፋ እያደረ ደድሯል። እነዚህን አራቱን አያይዞ እ.አ.አ. በ1888 የጻፈው አርተር ፋሎ የሚባል የማርሴይ ሐኪም ስለነበረ በሽታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ቶሎ ያልነቃነው በብይ ምክንያት ነው። እንዲህ ዓይነት ልብ ያለው ሕፃን ትንሽ ሮጥ ሮጥ ሲል ከንፈሩ ይጠቁርና ቁጢጥ ይላል። ቁጢጥ ሲል የእግሩ የደም ቧንቧዎች ይታጠፋሉ፤ ወደ ታች የሚወርደው ደም መንገድ ይጠብበታል፤ ግፊቱ ይጨምራል። ያኔ ሳንባ ሳይደርስ በቀዳዳው አቋርጦ ወደ ሰውነት ሊያመልጥ የነበረው ደም ሳይወድ በግዱ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ይህን ሕፃኑን ያስተማረው የለም፤ ሰውነቱ ራሱ የፈለሰፈው መላ ነው። እኛ ሰፈር ግን ያኔ የብይ ወቅት ነበር። ልጅ ሁሉ ቁጢጥ ብሎ ይውላል። ማሙሽም ሁለት እርምጃ ሮጦ ቁጢጥ ሲል «ይሄ ልጅ ብይ ይወዳል» አልን። አያቱማ ከሱቅ በላስቲክ ሙሉ ብይ ገዝተው መጡለት። የከንፈሩን መጥቆር «እስክሪብቶ ሲመጥ ውሎ ነው» እያልን አለፍነው። አንድ ቀን ብይም ጓደኛም በሌለበት፣ አስፋልት መሐል፣ ታክሲ ጡሩንባውን እየነፋበት ቁጢጥ ሲል ነው እህቴ ጩኸቷን የለቀቀችው።

ቀዶ ጥገናው ተሠራለት። ይህን ዓረፍተ ነገር እንዲህ ባጭሩ መጻፍ መቻሌ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.አ.አ. በ1989 ለልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ሲመሠርቱ እንዲህ ያለ ልጅ ዕጣው ፓስፖርትና ረጅም ወረፋ ነበር። በጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ሥራ የጀመረው እ.አ.አ. በ2009 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ስንቱ ልጅ ባሕር ተሻግሯል። እስራኤል አገር ሆሎን ከተማ፣ በዎልፍሰን ሆስፒታል፣ የአገራችን ልጆች ልባቸው ተጠግኖ የተመለሱ ብዙ ናቸው። የእኛው ተራው ደርሶት ደረቱ ተከፈተ፣ ቀዳዳው ተደፈነ፣ ጠባቡ ሰፋ። ጥፍሩ ቀላ። ልጁ ዳነ፤ እናቱ ግን አልዳነችም።

ትምህርት ቤት ሲገባ የስፖርት መምህሩን አስጠርታ ጠባሳውን አሳየቻቸው። ሰውየው ደነገጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሙሽ በስፖርት ክፍለ ጊዜ የጃኬት ጠባቂ ሆነ። የክፍሉ ልጆች ሲራገጡ እሱ ግንብ ላይ ተቀምጦ የሁሉንም ሹራብና ጃኬት ታቅፎ ይውላል። የማን ኪስ ውስጥ ቆሎ እንዳለ፣ የማን ዚፕ እንደተበላሸ፣ ማን የወንድሙን ልብስ ለብሶ እንደመጣ እሱን መጠየቅ ነው።

ታዲያ የፋሎ በሽታ ኖሮት የተጠገነ ልብ ተጠግኖ የሚተው አይደለም። ጠባቡን መንገድ ለማስፋት ሲባል በሩ ላይ ያለው ክዳን አብሮ ይነካና ብዙ ጊዜ ደም ወደ ኋላ ያፈሳል። የቀኙ ልብ ያንን የተመለሰ ደም ደግሞ ሲገፋ ዓመት በዓመት ቀስ እያለ ይሰፋል። ስለዚህ በየጊዜው ይታያል። ከነዚህ ቀጠሮዎች በአንዱ ላይ ነው ዶክተሩ ቀለል ያለ ጥያቄ የጠየቁት።

«ሲሮጥ ይደክመዋል?»

«ምን ነካዎት ዶክተር! አይሮጥም እኮ!» አለች እህቴ፣ ክብሯ እንደተነካ ሰው።

ዶክተሩ ወደ ልጁ ዞሩ። «አንተስ፣ ይደክምሃል?»

«አይደክመኝም።»

«ስትሮጥ?»

ማሙሽ እናቱን አየት አደረገ። «ሮጬ አላውቅም።»

ዶክተሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። እንደነገሩን ከሆነ ይህ የተለመደ ነው። ከልብ ሕመሙ ጋር ተወልዶ ከሕመሙ ጋር ያደገ ልጅ ጤናማ ሆኖ የኖረበት ዘመን ስለሌለ ድካሙን የሚያነጻጽርበት ነገር የለውም። ሁለት ፎቅ ወጥቶ ማለክለክ የሰው ሁሉ ወግ ይመስለዋል። «ደህና ነኝ» ሲል አይዋሽም፤ የሚያውቀው ደህንነት ያ ነው። እናት ደግሞ ገና ሳይደክመው ስለምታስቀምጠው የእሷም ምስክርነት አይረዳም። ስለዚህ ልጁን እያዩ ማድከም ያስፈልጋል። «ማድከም» የሚለውን ቃል ሲናገሩ እህቴ የልጁን እጅ ያዘች።

ለዚህ ዋናው መሣሪያ ተንቀሳቃሽ የመሮጫ ማሽን ነው። እ.አ.አ. በ1963 ሮበርት ብሩስ የሚባሉ የሲያትል የልብ ሐኪም በየሦስት ደቂቃው ፍጥነቱም ዳገቱም እየጨመረ የሚሄድ ሥርዓት አወጡለት፤ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ሙሉው ምርመራ ሲሆን አፍና አፍንጫ ላይ ጭንብል ተደርጎ የሚተነፈሰው አየር ጭምር ይለካል። የሄድንበት ሆስፒታል ማሽኑ አለው። አየሁት። በአንሶላ ተሸፍኖ፣ ላዩ ላይ የካርድ ቁልል ተጭኖበት፣ መለዋወጫ ይጠብቃል። ካርዶቹ አንድ እርምጃ አልሄዱም።

«እስኪሠራ በቀላሉ እንጀምር» አሉ ዶክተሩ። ቀላሉ ኮሪደር ላይ ስድስት ደቂቃ መራመድ ነበር። ሜትር፣ ሰዓት፣ ወንበርና በጣት ላይ የምትሰካ ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ ካለች በቃ። እህቴ ከክፍሉ ስንወጣ «መራመድ ደግሞ ፈተና ሆነ! ለዚህ ነው ከሌሊቱ ወረፋ የያዝነው?» አለች። እኔም በሆዴ እንዲያው ነበር ያልኩት።

በቀጠሮው ቀን የተነገረን ሦስት ነገር ነው፤ ቀለል ያለ ቁርስ፣ የለመደው ምቹ ጫማ፣ ከፈተናው በፊት ሁለት ሰዓት ያህል ከባድ እንቅስቃሴ አለማድረግ። ሦስተኛዋን እህቴ ሕመሙ ከታወቀ ጀምሮ ስታከብራት ኖራለች። ቀለል ያለ ቁርስ ያለችው ጨጨብሳ በማር ሆነ፤ «ባዶ ሆዱን አልሰደውም!» ምቹ ጫማ የተባለው ደግሞ ለፋሲካ የተገዛለት፣ «እያደገ ስለሆነ» በሚል አንድ ቁጥር የሚበልጠው ጥቁር ቆዳ ጫማ ነበር። ማሙሽ ሲራመድ ተረከዙ ቀድሞ ይወጣል፣ ጫማው ደርሶ ይከተላል።

ፈታኟ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ናት። ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይላታል፤ እሷም ማረም የሰለቻት ይመስላል። ከደንቡ ንቅንቅ የማትል ልጅ ናት። ደንቡ 30 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ቀጥ ያለ፣ ወለሉ ጠንካራ፣ ሰው የማይበዛበት ኮሪደር ይላል። በአገራችን ሆስፒታል ውስጥ ሰው የማይበዛበት 30 ሜትር የት ይገኛል? አንደኛው ኮሪደር የመድኃኒት ቤቱ ወረፋ የሚጠማዘዝበት ነው። ሌላው ጫፉ ላይ አልጋ ተዘርግቶበታል። በመጨረሻ ከላቦራቶሪው ጀርባ 20 ሜትር አገኘች። «ሲያጥር መዞሩ ይበዛል፣ መዞር ሲበዛ ርቀቱ ይቀንሳል፤ ሪፖርቱ ላይ እጽፈዋለሁ» አለችና በሜትር ለክታ ወለሉን በጠመኔ አሰመረች። መዞሪያውን የሚያመለክቱ ሁለት ብርቱካንማ የትራፊክ ኮኖች ነበሯት፤ አንደኛውን ዘበኛው ለኃላፊው መኪና ቦታ ይዞበታል። በምትኩ ቢጫ ጀሪካን ቆመ።

ማሙሽ ወንበር ላይ አሥር ደቂቃ እንዲያርፍ ተደረገ። መለኪያዋን ጣቱ ላይ ሰካችው። ቁጥሩ ብልጭ ድርግም አለና 78 ላይ ቆመ።

«ወይኔ ልጄን!» እህቴ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣለች።

ሲስተር አልደነገጠችም። የልጁን እጅ በሁለት መዳፏ ይዛ አሸት አሸት አደረገችው። ሐምሌ ነው፤ የማሙሽ ጣት እንደ ውጭው አየር ቀዝቅዟል። ለካ ያቺ መሣሪያ የምታየው በጣት ውስጥ የሚተላለፈውን ብርሃንና የደሙን ትርታ ነው። ጣት ከቀዘቀዘ ትርታው ይደክማል፤ ጥፍር ኩቴክስ ከተቀባም ብርሃኑ ይጋረዳል፤ ያኔ የማይታመን ቁጥር ትናገራለች። እንደገና ስትሰካው 94 አለ። እኔ፣ ውጭ አገር ስላለ የዘመዴ ልጅ 98 ሲባል ስሰማ የኖርኩት፣ «ይህስ አላነሰም?» አልኩ። «ጋሼ፣ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት እኮ። ባሕር ዳርቻ ቢሆን ያሳስበኝ ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ደንቡን ነገረችው። ከዚህ ኮን እስከዚያ ጀሪካን ደርሶ መልስ። በስድስት ደቂቃ ውስጥ የቻልከውን ያህል ብዙ ርቀት ተራመድ። ከደከመህ ቁም፣ ግድግዳውን ተደገፍ፣ ግን ሰዓቱ አይቆምም። መሮጥና መዝለል የለም። ራሷ አንድ ዙር ሄዳ አሳየችው። ማሙሽ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ዓይኑ ላይ ግን የኦሎምፒክ ነገር አየሁበት። የጃኬት ጠባቂነት ዘመኑን ሊበቀል የተዘጋጀ ልጅ ነው።

የላቦራቶሪ ውጤት የሚጠብቀው ሕዝብ ይህን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ ዞሮ ነበር። ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ አንድ አዛውንት «የምን ምርመራ ነው?» አሉኝ። «የልብ ነው አባባ።» «ቶንሲል ነዋ!» አሉ በእርግጠኝነት። የእኛው ከእናቱ ሆድ ይዞት የመጣ ቢሆንም ሽማግሌው በከንቱ አልተናገሩም። በአገራችን የልብ ክሊኒክ ወረፋ ላይ ከሚቀመጡት ልጆች ብዙዎቹ ሲወለዱ ደህና የነበሩ ናቸው። ጉሮሯቸውን ታመው ሳይታከሙ ቀርተው፣ ሕመሙ ዞሮ የልብ ክዳናቸውን ያበላሸባቸው።

«ጀምር!» አለች ሲስተር።

ማሙሽ ተወረወረ። ጫማው ኮሪደሩን እንደ ከበሮ ያስጮኸው ጀመር። ጀሪካኑን መጀመሪያ ሲዞር እግሩ ወደ ሩጫ ገባ። «አትሩጥ!» አለች። ረገብ አለ፣ ሲመለስ እንደገና ሮጠ። «አትሩጥ!» አዛውንቱ አልቻሉም። «እንዴት ያለ ነገር ነው! በአበበ ቢቂላ አገር ልጅ አትሩጥ ይባላል?» አሉ። ይህን ያሉት ለኮሪደሩ ሁሉ ነበርና ኮሪደሩ ሁሉ ተነሣ። «አይዞህ! ግፋ! በርታ አንበሳው!» ጭብጨባ ተጀመረ። ሽንት በብልቃጥ የያዘ ጎልማሳ ሳይቀር በሌላኛው እጁ ጭኑን ይመታ ነበር።

ሲስተር ሕዝቡን ዝም ለማሰኘት እጇን አነሣች። እሷ ራሷ እንኳ በየደቂቃው መናገር የሚፈቀድላት የተወሰነ ነገር ነው፤ «ጥሩ እየሄድክ ነው፣ አምስት ደቂቃ ይቀርሃል»፣ በቃ። ድምፅ ከፍ ማድረግ፣ ማሟሟቅ የለም። አዛውንቱ «ምነው ልጄ፣ እንደ ሬዲዮ ሰዓት ትነግሪዋለሽ እንጂ አታበረታቺውም?» ቢሏት «አባባ፣ ከተበረታታ ብዙ ይሄዳል» አለቻቸው። ሽማግሌው ግራ ገባቸው። ነገሩ ግን እውነት ነው። እ.አ.አ. በ1984 ካናዳ ውስጥ ይህንኑ ፈትሸው ነበር፤ በሽተኛው ሲበረታታ ርቀቱ ይጨምራል። ዛሬ በጭብጨባ፣ የዛሬ ዓመት በዝምታ ከተለካ ልዩነቱ የልቡ ይሁን የሕዝቡ መለየት አይቻልም።

በሁለተኛው ደቂቃ ጭብጨባው ጋብ ሲል ሌላ መሰናክል መጣ፤ ጨዋነት። እህቴ ልጇን በሥርዓት ነው ያሳደገችው። ከወዲያ አንዲት እናት በምርኩዝ ሲመጡ ማሙሽ ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፣ አሳለፋቸው። «እደግ የኔ ልጅ፤ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። መለሰላቸው። ሰዓቱ አይቆምም። ቀጥሎ ቃሬዛ መጣ፤ ለእሱም ግድግዳ ተለጥፎ አሳለፈ። ሲስተር ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈች ባየሁ ደስ ይለኝ ነበር።

ዋናው ጣጣ ግን ከኋላው ነበር። ፈታኝ እንኳ ከተፈታኙ ጎን አይራመድም፤ እርምጃውን ያስቀይራል ተብሎ። እህቴ ነጠላዋን እያስጎተተች፣ የጠበል ላስቲኳን እንደያዘች፣ ከልጇ ሁለት ክንድ ርቃ እየተከተለችው ነበር። «ቀስ በል! ቀስ በል!» ትላለች። ሲስተር «ፍጥን በል» ማለት የተከለከለችውን ያህል «ቀስ በል» ማለትም መከልከሉን የሚነግር አንቀጽ ፈልጋ ሳታገኝ አልቀረችም። በሦስተኛው ደቂቃ ያለከለከችው እህቴ ናት። አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ማሙሽም እናቱ ስትቀመጥ አይቶ እሱም አጠገቧ ሄዶ ተቀመጠ።

ፈተናው ስለተበላሸ ሲስተር ሰዓቷን አቆመች። «እስቲ ምን ያህል ደከመህ? ከዜሮ እስከ አሥር» አለችው። ዜሮ ምንም፣ አሥር እጅግ በጣም ማለት ነው።

ማሙሽ ደረቱን ነፋ። «አሥር!»

እህቴ ልትወድቅ። እኔም ደነገጥኩ። ሲስተር ግን ልጁን ቀረብ ብላ አየችው። ላብ የለ፣ ማለክለክ የለ፣ ከንፈሩ ቀይ። «አሥር ለምን አልክ?» ብትለው «ከአሥር ነው ያልሽው፤ አሥር ከአሥር!» አላት። የሁለተኛ ክፍል ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ዜሮ አምጥቶ ቤት አይገባም። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ትታ ዳገት የሚወጣ ልጅ ያለበት ሥዕል አወጣችለት። ግርጌው ላይ እየሳቀ ነው፣ አናቱ ላይ ምላሱ ወጥቷል። ማሙሽ ከግርጌው ሁለተኛውን ነካ። እነሆ እውነተኛው መልስ።

ፈተናው ሊደገም ተወሰነ፤ ግን ቢያንስ አንድ ሰዓት ማረፍ ግድ ነው። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ እኔ ጫማ ፍለጋ ተላክሁ። አዛውንቱ «አበበ በሮም በባዶ እግሩ ነው የሮጠው፤ ይህን ሬሳ ሳጥን አውልቁለት» ብለው ነበር። ሲስተር አልተስማማችም። ከግቢው በር ላይ ካለ ሱቅ ነጭ ሸራ ጫማ ገዛሁ። ባለሱቁ በልብ ፈተና ምክንያት እንደቸኮልኩ ሲሰማ ዋጋውን በዚያው ልክ ከፍ አደረገው።

ስመለስ ሲስተር ሻይ ይዛ ለእህቴ የነገሩን አመጣጥ እያጫወተቻት አገኘሁ። መነሻው ወታደር ነው። እ.አ.አ. በ1968 ኬኔት ኩፐር የተባሉ የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ሰው በ12 ደቂቃ ሮጦ በሚሸፍነው ርቀት አቅሙ እንደሚገመት አሳተሙ። ሳንባቸውን የታመሙት መሮጥ ስለማይችሉ በ1976 እንግሊዞች ሩጫውን በእርምጃ ለወጡት። 12 ደቂቃ ደግሞ ለደከመ ሰው ረዘመ። በ1982 ሁለት፣ ስድስትና 12 ደቂቃውን አስተያዩና ስድስቱ ወርቃማው ሆነ። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር በ2002 ደንቡን በዝርዝር አወጣ። «እንግዲህ ሁሉም ለትልልቅ ሰው ነው የታሰበው» አለች ሲስተር። «ትልቅ ሰው ተራመድ ስትለው ይራመዳል። ልጅ ግን ወይ ይሮጣል ወይ ግድግዳ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ያነባል።»

እህቴ ስለ ወታደሮቹ ምንም አልተናገረችም። «እና ሞቶ የሚያውቅ ልጅ አለ?» ብላ ነው የጠየቀችው። ሲስተር ሻይዋን አስቀምጣ፣ ለምን ከሌሎቹ ይህ እንደሚመረጥ ነገረቻት። እንደ ዕለት እንቅስቃሴ ያለ ነው፤ ልጁ ራሱ ሲፈልግ ይቆማል፤ ደረቱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ቀለሙ ከተለወጠ እሷ ታስቆመዋለች፤ ኦክስጅኑ ከጎኗ ነው። እህቴ ኦክስጅኑን በዓይኗ ፈልጋ ካየችው በኋላ ነው ትከሻዋ የወረደው።

ለሁለተኛው ዙር አዛውንቱ ራሳቸውን ሾሙ። ከዘራቸውን አግድመው ኮሪደሩ አፍ ላይ ቆሙና «ፈተና አለ! በዚያ በኩል!» እያሉ ሰው ያዞራሉ። እኔ በሌላኛው ጫፍ ቆምኩ። ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ወጥቷል። አንዲት ወይዘሮ የልጇን እጅ ይዛ መጥታ «ለአትሌቲክስ ምልመላ ነው አሉኝ፤ ይሄም ሩጫ ይችላል፤ የት ነው የሚመዘገበው?» አለችኝ። የልብ ምርመራ መሆኑን ስነግራት «ኧረ እዚህ እኮ ሲያጨበጭቡ ሰምቻለሁ» አለችና በጥርጣሬ አየችኝ፤ ኮታውን ለዘመዶቼ የያዝኩት ሳይመስላት አልቀረም።

ማሙሽ በነጭ ጫማው ተነሣ። እናቱ በሲስተር ትእዛዝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች። በዚህኛው ጊዜ ልጁ በእውነት ተራመደ። እያንዳንዱን ዙር በቅርብ አየሁት። መጀመሪያ እጆቹ ይወዛወዛሉ። በሦስተኛው ደቂቃ ገደማ የሸሚዙን አንገት ከፈተ፤ የጠባሳው ጫፍ ብቅ አለ። በአራተኛው ላይ አፉ ተከፈተ፤ ትንፋሹ ይሰማኛል፣ ግን እኩል ነው። አምስተኛው ላይ የግራ ጫማው ክር ተፈታ። ሊያስር ጎንበስ ሊል ሲል ሰዓቱን አስታወሰና ክሩን እያስጎተተ ሄደ። ቁጢጥ አላለም። ይህን የጠበቅኩት ለካ እኔ ነኝ።

«አቁም!» ያለችበት ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት ተደረገ። ከ500 ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። ኦክስጅኑ 92። በሥዕሉ ላይ የዳገቱን መሐል ነካ። አዛውንቱ አልረኩም። «500 ሜትር! ይሄማ ከእኔ ቤት እስከ ወፍጮ ቤት አይሞላም» አሉ።

ዶክተሩ ጨምረው የደረጃ ፈተናም እንዲሠራ አዘዙ። 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላት ሳጥን ላይ በደቂቃ 30 ጊዜ እየወጡ መውረድ ነው፣ ለሦስት ደቂቃ። ኮሪደር አያስፈልገውም፤ ሰውም አያቋርጠውም። ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ከስልክ የሚወጣ ቋ ቋ የሚል ምት ነው። ማሙሽ ምቱን ሲሰማ ትከሻው መነቃነቅ ጀመረ። ሰው መሳቅ ሲጀምር ጭራሽ እስክስታው ለየለት፤ እግሩ ሳጥኑን ትቶ ትከሻውን ተከተለ። ሲስተር ከጠዋት ጀምሮ የያዘችውን ፊቷን መያዝ አቃታት። የዚህኛው ፈተና ውጤት ፋይሉ ውስጥ የለም።

ዶክተሩ ውጤቱን ሲያዩ እህቴ የወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። በዚህ ዕድሜ ያሉ ጤነኛ ልጆች እንደ ቁመታቸው በአብዛኛው ከ500 እስከ 700 ሜትር ባለው ውስጥ እንደሚሄዱ ነገሯት፤ ኮሪደሩም አጭር እንደነበረ አከሉ። ቀጥለው ግን ደስታዋን በልክ አደረጉት። ይህ ልብን እስከ ጫፍ የሚያደርስ ፈተና አይደለም። ደህና የሆነ ልጅ የሚገታው እግሩና «አትሩጥ» የሚለው ትእዛዝ ነው እንጂ ልቡ ስላልሆነ፣ ትንሽ የደከመና ምንም ያልደከመ ልብ በዚህ ላይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ለውድድር የሚሆን ፈቃድ ማሽኑ ሲሠራ ይታያል። ይህ ወረቀት የሚጠቅመው የዛሬ ዓመት ማሙሽን ከራሱ ከማሙሽ ጋር ለማስተያየት ነው፤ ያኔም ቁመቱ ጨምሮ ይሆናልና እሱን ሳይረሱ።

«እስከዚያው ይጫወት» አሉ። «ሲደክመው ራሱ ይቀመጥ። ራሱ። እርስዎ አይደሉም።»

«በረኛ ብቻ ቢሆንስ ዶክተር?» አለች እህቴ።

ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ተጻፈ። ልጁ የስድስት ደቂቃ የእርምጃ ፈተና በጥሩ ሁኔታ ማጠናቀቁን፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ መሳተፍ እንደሚችልና ሲፈልግ ማረፍ እንዲፈቀድለት የሚል፣ ማኅተም ያለበት። የስፖርት መምህሩ ደብዳቤ አክባሪ ሰው ናቸው። ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ ማሙሽን ሜዳ አስገቡት፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ልክ ስድስት ደቂቃ ሲሞላ ፊሽካ ነፍተው አስወጡት። በቀጣዩ ሳምንትም እንዲሁ። ልጁ አሁን የክፍሉ አስፈሪ አጥቂ ነው፤ ያለውን ሁሉ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ስለሚጨርስ። ከዚያ ወደ ጃኬቶቹ ይመለሳል።

ነገሩን ለዶክተሩ ብንነግራቸው ስቀው ስቀው ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፉ። በዚህኛው ላይ ስለ ደቂቃ አንድም ቃል የለም። መምህሩ ግን እስከ ዛሬ አልደረሳቸውም። እህቴ የስድስት ደቂቃው ሥርዓት በጣም ተስማምቷታል፤ ደብዳቤውን ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከጠበሏ ጎን፣ አጥፋ አስቀምጣዋለች። «ሰኞ እወስደዋለሁ» ትለኛለች በየሳምንቱ። እኔ ፎቶ ኮፒ አለኝ።